ቆርጦ መሄድና ቆርጦ መቆየት

ሰው የወረሰውን ነገር በሁለት መንገድ ይበድላል። አንደኛው ሸጦ ወይም አፍርሶ ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ስሙም ጥፋት ነው። ለሁለተኛው ግን ስም አላወጣንለትም። ወራሹ ነገሩን ይወድደዋል፤ ስለ እሱ ሲያወራ ድምፁ ይለሰልሳል፤ ማንም እንዳይነካበት ይከራከርለታል። እሱ ራሱም አይነካውም። ነገሩ ሳይነካ ይኖርና ሳይነካ ይሞታል። በቀብሩም ላይ ከሁሉ በላይ የሚያለቅሰው ያው ወራሽ ነው።

ስለዚህ ስለ ሁለተኛው በደል እንድጽፍ ያነሣሣኝ የፍልስፍና መጽሐፍ አይደለም፤ ሞጣ ውስጥ በእናቴ ጓሮ ያለ አንድ የኮክ ዛፍ ነው። አንባቢ «ለአንድ ኮክ ይህ ሁሉ ሐተታ!» ይል ይሆናል። ጥቂት ይታገሠኝ።

ያ ዛፍ የዓባይ ድልድይ ልጅ ነው። ከሞጣ ወደ ዓባይ ቁልቁል ሲወረድ ጎጃምን ከጎንደር የሚያገናኝ ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ አለ፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከለኛው ቅስት ፈረሰና ስሙም «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመታት ያህል መንገደኛ ክፍተቱን የሚሻገረው ገመድ ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ወንዶች ጉልበት እየተሳበ ነበር። አባቴ ትንሽ ነጋዴ ስለ ነበር በዚያ ገመድ ብዙ ጊዜ ተስቧል። እናቴ እሱ ማዶ በዋለ ቀን እህል አይወርድላትም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ሰው የዚህን የገመድ መሻገሪያ ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አየ። ፎቶግራፉን አይቶ ገጹን አልገለጠም፤ ሰው አስተባብሮ መጣና በተከታዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ የድልድዩ ሰባራ ቦታ ተጠገነ። በእኛ አቆጣጠር ዓመቱ 1994 ነበር። እኔ ያኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበርሁ። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እግሩ ተሻግሮ ሲመለስ በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ያመጣልን ኮክ ነው። በላንና ፍሬውን ጣልን። እሱ ግን ከተጣለው አንዱን አንሥቶ ከቤታችን ጀርባ ቀበረው። «ይኼ በእግሩ የተሻገረ ኮክ ነው» ይል ነበር ለጎረቤት።

ዛፉ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ፍሬዎች በሰጠበት ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ የዓባይ ሙላት የድልድዩን ጥገና ጠርጎ ወሰደው። «ድልድዩ ሄደ፣ ኮኩ ቀረ» አለ አባቴ።

አባቴ የተማረ አትክልተኛ አልነበረም። ነገር ግን በየዓመቱ በጥር ወር፣ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ገና ሳያብብ፣ ትንሽ መጋዙን ይዞ ወደ ጓሮ ይገባል። ወዲያው መቁረጥ አይጀምርም፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዛፉን ይዞረዋል። ከዚያ ከዚህም ከዚያም እያለ ይገርዘዋል። የወደቀው ጭራሮ ለእናቴ ምድጃ የሦስት ቀን ማገዶ ይሆናል። ሥራው ሲያልቅ ከታችኛው ትልቅ ቅርንጫፍ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ጠላውን ይጠጣል። በ2005 ዓ.ም. አባቴ ዐረፈ። ከዚያ በኋላ ያንን ዛፍ በመጋዝ የነካው ሰው የለም።

እኛ ልጆቹ ተበታተንን። እኔ አዲስ አበባ በየጋዜጣውና በየመጽሔቱ እየጻፍሁ እኖራለሁ። ቡና ቤት ውስጥ ከወዳጆቼ ጋር ስንቀመጥ ስለ አገር ቤት ከተነሣ ስለዚያ ኮክ ሳላወራ አልነሣም ነበር። ታላቅ እኅቴ በበኩሏ ዛፉ ተቆርጦ በቦታው የሚከራዩ ሁለት ክፍሎች ይሠሩ አለች። የተናገረችው ክፉ ነገር አልነበረም፤ እናታችን ጡረታ የላትም፣ ኪራይ ደግሞ በየወሩ ይመጣል። እኔ ግን ተቆጣሁ። «የአባታችንን ዛፍ!» አልሁ። በስልክ ነበር የተቆጣሁት። የሞጣን አፈር ከረገጥሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

በጥር 2014 ሄድሁ። ዛፉን ከመንገድ ላይ ሳየው ደስ አለኝ፤ ከአጥሩ በላይ ተንሰራፍቶ ግርማ ሞገስ ያለው ሆኗል። ጓሮ ገብቼ ከሥሩ ስቆም ግን ሌላ ነገር አየሁ። ከጫፉ በታች ያለው ሁሉ ራቁቱን ነው። በመካከሉ የደረቁ እንጨቶች እርስ በርሳቸው ተፋትገው ልጣቸው ተልጧል። አንዱ ወፍራም ቅርንጫፍ ውስጡ በስብሶ ወደ ቤቱ ጣሪያ ተጋድሟል። ቆርቆሮው ላይ ሁለት ቦታ ተረግጧል።

ማታ ልተኛ ስል የእናቴ አልጋ ከቦታው ተነሥቶ ወደ ማዶው ግድግዳ መዛወሩን አስተዋልሁ። ምን ሆኖ ነው ብዬ ብጠይቃት ለመናገር አልፈለገችም። ኋላ ግን፣ «ባለፈው ክረምት ንፋስ ሲነሣ ያ እንጨት ጣሪያውን መታብኝ። እንዳይጫነኝ ብዬ ነው» አለች። «ታዲያ ለምን አልነገርሽንም እማዬ?» ብላት፣ «አንተ አይነካ አልህ፣ እኅትህ ይነቀል አለች፤ እኔ ደግሞ አልጋውን አዛወርሁት» አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለዘጠኝ ዓመታት አክብሮት ብዬ የጠራሁት ነገር ምን እንደ ነበር የገባኝ ያኔ ነው። ርቀት ነበር። አለመንካቴ ምንም አላስወጣኝም፤ ክፍያውን የከፈለችው አልጋዋን የምትጎትት አሮጊት ናት።

የኮክ ጠባይ ይህን ነገር በግልጽ ያሳያል። ኮክ የሚያፈራው ባለፈው ዓመት ባደገ ቀንበጥ ላይ ብቻ ነው። ዘንድሮ ያፈራች ቀንበጥ ከርሞ በዚያው ቦታ አታፈራም። ስለዚህ ሰው ካልገረዘው ፍሬው በየዓመቱ ወደ ላይና ወደ ውጭ ይሸሻል፤ ከታች ያለው ብርሃን ያጣና ይደርቃል። ለሩቅ ተመልካች ዛፉ እየተስፋፋ ነው። ከሥሩ ለቆመች እናት ግን ፍሬው እጅ የማይደርስበት ሄዷል፣ የቀረላት ጥላና ስጋት ነው። እንዲህ ያለ ዛፍ ብቻ ነውን? ከውጭ ግርማው የሚያስደንቅ፣ ከውስጥ ግን ራቁቱን የቀረ ስንት ቤት፣ ስንት ማኅበር፣ ስንት ወግ አለን?

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ መቃወሚያ ይነሣል፤ እኔም ራሴን በእሱ ስሟገት ከርሜአለሁ። በአገራችን ዛፍ የተረፈው አትንኩ በተባለበት ቦታ አይደለምን? ከሞጣ እስከ ቢቸና ያለውን አገር ያየ ሰው ያውቃል፤ ሜዳው ሁሉ እርሻ ነው፣ እንደ ደሴት ብቅ ብሎ የሚታየው አረንጓዴ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ጥዱና ወይራው ዛሬ የቆመው መጥረቢያ ስለ ተከለከለ ነው። ታዲያ አለመንካት እንዴት በደል ይሆናል?

መልሱ ሁለት ይመስለኛል። አንደኛ፣ እነዚያ ደኖች ያልተነኩ እንጂ የተተዉ አይደሉም። ብዙዎቻችን በ«እመጓ» እና በ«ዝጎራ» የምናውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የደን ተመራማሪ ናቸው፤ የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ለዓመታት አጥንተዋል። ከብት እየገባ ችግኙን ሲጨርስ ደኑ ልጅ እንደማይተካ ስለ ታወቀ፣ በአንዳንዶቹ ዙሪያ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር የድንጋይ ካብ ተክበዋል። ጥበቃው ሥራ አለበት፤ ጠባቂውም እዚያው ነው የሚኖረው።

ሁለተኛ፣ ጥድና ኮክ አንድ አይደሉም። ጥዱ ያለ እኛ በቅሏል፤ ያለ እኛም መኖር ያውቅበታል። ኮኩ ግን ሰው ከሩቅ አገር ተሸክሞ ያመጣው፣ ለሰው አፍ ሲባል እየተመረጠ የኖረ፣ እጅ የለመደ ዛፍ ነው። እጅ ያስለመድነውን ነገር አንድ ቀን «ተፈጥሮህ ይበጅህ» ብለን ብንተወው ነጻነት ሰጠነው አይባልም። በሬ ጠምዶ ኖሮ ሲያረጅ ገደል አፋፍ ላይ የሚለቀውን ገበሬ ቸር የሚለው የለም።

በማግሥቱ መጋዝ ገዝቼ መጣሁ። የአባቴ መጋዝ ዝጎ ነበር። እናቴ አየችኝና በሩ ላይ ቆመች። ትከለክለኛለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት፤ እሷ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «ቆርጠህ ልትሄድ ነው?» አለች።

«እንዴት ማለትሽ ነው እማዬ?»

«አባትህ ቆርጦ እዚሁ ነበር። ከቆረጠ በኋላ ምን እንዳበቀለ በየቀኑ ያየው ነበር። አንተ ቆርጠህ ከሄድህ ማን ያየዋል?»

ይህ ጽሑፍ ያለው አንድ ሐሳብ ያ የእናቴ ጥያቄ ነው። መቁረጥ መብት ነው ወይስ ጥፋት ነው ብለን ስንከራከር የምንረሳው ነገር አለ። መቁረጥ ቃል መግባት ነው። መጋዙ ሥራውን በሩብ ሰዓት ይጨርሳል፤ የተቆረጠው ነገር ግን ለሚመጡት ዓመታት ሰው ይፈልጋል።

የተቆረጠ ዛፍ ምን እንደሚሆን ያጠኑ ሰዎች የሚሉት ያስደንቃል። አሌክስ ሺጎ የሚባል አሜሪካዊ የዛፍ ተመራማሪ ብዙ ግንዶችን በመጋዝ ሰንጥቆ ካየ በኋላ፣ ዛፍ እንደ እኛ ቁስሉን አያድንም አለ። የቆሰለውን ክፍል ከውስጥ ያጥረዋል፣ ዙሪያውንም በአዲስ እንጨት ይሸፍነዋል፤ ቁስሉ ግን ዛፉ እስካለ ድረስ ከውስጥ አለ። ስለዚህ አቆራረጡ ወሳኝ ነው። ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት አንገት መሰል እብጠት አለ፤ መቁረጥ ከእሱ ወጣ ብሎ ነው። እብጠቱን ጨምሮ የቆረጠ ዛፉ የሚታጠርበትን ነጥቆታል፤ አርቆ ጉቶ የተወ ደግሞ የብስባሽ በር ከፍቶለታል። ወፍራሙን ቅርንጫፍ አስቀድሞ ከሥሩ ሸርከት ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ገሽልጦ ይወርዳል። ቁስሉን ቀለም መቀባትም ብስባሽ አይከለክልም። ዋናው ነገር ግን ልኩ ነው፤ ያረጀና የተረሳ ዛፍ በአንድ ዓመት አይታደስም። ኮክ ደግሞ ከአሮጌ እንጨቱ ላይ እንደ ልብ አያቆጠቁጥም። ሁሉንም ባንድ ቀን ለማስተካከል የቸኮለ ሰው ወይ ይገድለዋል፣ ወይ ሽቅብ የሚተኮስ ፍሬ አልባ ቀንበጥ ያተርፋል። በየዓመቱ ሩብ ያህሉን እየቀነሱ ሥራውን ለሦስት ዓመታት መከፋፈል ይሻላል።

ለሦስት ዓመታት! ይህን ሳነብ የእናቴ ጥያቄ ተመልሶ መጣ። በዚያ ዓመት ጣሪያው ላይ የተጋደመውን ቅርንጫፍና የሞተውን እንጨት ብቻ አወረድሁ። እናቴን «በሚመጣው ጥር እመለሳለሁ» አልኋት። «እሺ» አለች፤ እንዳላመነችኝ ግን ፊቷ ላይ አነበብሁ።

የግብርና ባለሙያ የሆነ ወዳጄ ይህን ታሪክ ስነግረው ስለ ቡና ጉንደላ አጫወተኝ። ያረጀ ቡና ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ውሃ እንዳይቋጥር በሰያፍ ይጎነደላል። ከጉቶው ብዙ ቡቃያ ይፈላል፤ ሁለት ሦስቱ ተመርጠው ሌላው ይነቀላል። ደህና ምርት እስኪመለስ ሁለት ዓመት ያህል ያልፋል። «ገበሬው እንቢ ሲል ኋላ ቀር ነው እንላለን» አለኝ ወዳጄ። «ነገር ግን ሁለት ዓመት ምን ይበላል? ጎንድል ብሎ የመከረው ሰው ቡቃያው በሚመረጥበት ጊዜ ይመጣል ወይ? ካልመጣና ቡቃያው ሁሉ ከቀረ ማሳው ቁጥቋጦ ይሆናል፤ ከአሮጌው የባሰ።» እኔም አሰብሁት። በአገራችን ታሪክ «አሮጌው ይቆረጥ» ያለ ትውልድ አልጠፋም። የጠፋው በሁለተኛው ዓመት ቡቃያ ለመምረጥ የመጣው ነው።

በሉቃስ ወንጌል ያለውን የበለስ ምሳሌ ሁላችንም ሰምተናል። ጌታው ፍሬ ስላጣባት ትቆረጥ ይላል፤ የወይኑ ሠራተኛ ለአንድ ዓመት ይለምንላታል። ልጅ ሳለሁ ይህን የምሕረት ታሪክ ብቻ አድርጌ እሰማው ነበር። አሁን ሳስበው ግን ሠራተኛው የለመነው ዝም ብላ እንድትኖር አይደለም። ዙሪያዋን ሊቆፍርና ፍግ ሊያደርግ ነው፤ ራሱን በሥራ አስይዞ ነው የማለደላት። እኔ ለአባቴ ዛፍ በስልክ የማለድሁት ምልጃ ግን ምንም መያዣ አልነበረውም።

ድልድዩም ቢሆን ያስተማረኝ ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጠገነው በሦስት ዓመት ውስጥ ሄደ። ጠጋኞቹ ቀድሞ ፎቶግራፋቸውን ተነሥተው ነበር፤ በዚያው ቢቀሩ ማንም አይወቅሳቸውም። ነገር ግን ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2009 ከሙላቱ በላይ የተንጠለጠለ የእግረኛ መሻገሪያ ተሠራ። የፋሲል ዘመን ድንጋይ በቦታው ቀረ፤ መንገደኛው ግን በአዲሱ ተሻገረ። ለእኔ ትልቁ ነገር የመጀመሪያው ጥገና አይደለም፤ ከውድቀቱ በኋላ መመለሳቸው ነው።

በጥር 2015 ቃሌን ጠብቄ ተመለስሁ። የተፋተጉትን ለየሁ፣ ሽቅብ የተተኮሱትን አወረድሁ፣ መካከሉን ለብርሃን ከፈትሁ። አንድ ነገር ግን አልነካሁም፤ አባቴ ከሥሩ ይቀመጥበት የነበረውን ታችኛውን ትልቅ ቅርንጫፍ። ራቁቱን የቀረና ጓሮውን ያጨለመ መሆኑን አይቻለሁ። «እሱ ለሦስተኛው ዓመት ነው» አልሁ። እውነቱን ለመናገር ለአራተኛውም ለአምስተኛውም ዓመት ላቆየው አስቤ ነበር።

ሦስተኛው ዓመት ሲደርስ መሄድ አልቻልሁም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገዱ አንድ ሰሞን ይዘጋል፣ አንድ ሰሞን ይከፈታል፤ የእናቴም ስልክ አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ ብዙ ቀን አይሠራም። ጥር 2016 አለፈ። በየካቲት አንድ ማታ ድምፅዋን አገኘሁት። ስለ ጤናዋ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ እህል ዋጋ ከተነጋገርን በኋላ፣ «ቆረጥነው እኮ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ያንን ትልቁን። አባትህ የሚቀመጥበትን። የጎረቤት ልጅ መጋዝህን ይዞ ወጣልኝ፣ እኔ ከታች ሆኜ አሳየሁት።»

ዝም አልሁ። እሷ ቀጠለች። «ብርሃን ገባ። ከሥሩ ጎመን ዘርቼበታለሁ።»

ከአንገቱ ወጣ ብሎ ነው የቆረጠው? አስቀድሞ ከሥሩ ሸርከት አድርጎታል? ልጡ አልተገሸለጠም? ጥያቄዎቹ ሁሉ ምላሴ ላይ ነበሩ። አልጠየቅሁም። የመቁረጥ መብት ቆርጦ ለሚቆይ ሰው ነው ብዬ ለወዳጆቼ ስሰብክ የከረምሁ እኔ፣ የሚቆየው ሰው ማን እንደ ሆነ ያወቅሁት በዚያች ማታ ነው። እናቴ አባቴን ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች፤ ትዝታውንም ከእኔ ይልቅ ትጠብቀዋለች። ቅርንጫፉ ግን ለእሷ መታሰቢያ ብቻ አልነበረም፤ የምትኖርበት ጓሮ ውስጥ ያለ ከባድ እንጨት ነበር።

እንግዲህ የምለው ይህን ነው። የወረስነውን የመንካትም ያለመንካትም መብት ከደም አይገኝም፣ ከፍቅርም ብቻ አይገኝም። በማግሥቱ እዚያው ከመገኘት ነው የሚገኘው። መገኘት ያልቻለ ሰው ቢያንስ የሚገኘውን ሰው አልጋ የት እንደ ተዘረጋ ይጠይቅ።

ከዚያ ወዲህ ቡና ቤት ተቀምጬ ስለዚያ ኮክ ማውራት ትቻለሁ። መጋዙን እናቴ በር ኋላ ሰቅላዋለች።